በቅሎዋን ለማን ትቼ

ሰው ስጦታ ሊሰጥ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ይህ ነገር ቢበላሽ በምን ይበላሻል?» እላለሁ። ብዙዎቹ ይደነግጣሉ። ሊመረቁ መጥተው እኔ ሟርት እጀምርባቸዋለሁ። ባለቤቴ ቻላቸው «አንቺ ሰርግ ቤት ገብተሽ ሬሳ የምትፈልጊ ሴት ነሽ» ይለኛል። ይበል። ደባርቅ ውስጥ ካለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ፣ ከመቀበያው ጠረጴዛ ኋላ፣ አሥራ አራት ዓመት ተቀምጫለሁ። ሥራዬ ስም መመዝገብና ቁልፍ ማቀበል ነው። ተራራውን አይተው የሚመለሱ እንግዶች ግን ሻንጣቸውን ሳያስሩ «እትዬ ባንቻየሁ፣ እዚህ አገር ምን ብንሰጥ ይጠቅማል?» ይሉኛል። እንዲህ እያለ መምከሩ ከቁልፉ ጋር ተያይዞ ሥራዬ ሆነ።

መጀመሪያ ላይ የመጣልኝን እመልስ ነበር። አንድ ደግ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ላለ ትምህርት ቤት ሠላሳ ኳስ ልስጥ ቢለኝ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልሁ። ሜዳው የት ነው ብዬ አልጠየቅሁም። በሳምንቱ አንድም ኳስ አልተረፈም፤ ሁሉም ገደል ገባ። ልጆቹ ኳሱን ፍለጋ እየተንጠላጠሉ መውረዳቸውን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ቀጥሎ ተራራው ላይ ላለችው ለአምባራስ መንደር ሰዎች ብርድ ልብስ ያከፋፈሉ ነበሩ። ብርድ ልብሱን በሁለተኛው ቅዳሜ ደባርቅ ገበያ ተዘርግቶ አየሁት። የሸጡት ሰዎች አልባለጉም። የቸገራቸው የገብስ ዘር ነበር፤ የጠየቃቸው ግን የለም።

ከዚያ በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ የምጠይቀውን የጻፍሁበት ደብተር አስቀመጥሁ። ማን ጠየቀ? እናንተ ስትሄዱ ማን ይጠብቀዋል? ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? ዘንድሮ ሰጥታችሁ ለከርሞ ብትተዉ ማን ይጎዳል? ይህን ሁሉ መልሰው የሚጨርሱ ጥቂቶች ናቸው። የጨረሱት ግን የሰጡት ነገር እስከ ዛሬ ቆሟል። ቢያንስ እኔ እንዲያ ይመስለኝ ነበር።

ሻኬድ የመጣችው በመስቀል ማግስት ነው። ያኔ መንገዱ ክፍት ነበር፣ እንግዳም አይጠፋም ነበር። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ ጸጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ የተራራ ጫማ ያደረገች ልጅ ናት። ፓስፖርቷን እየሰጠችኝ «እንደምን ሰነበቱ እናቴ? ልጁ፣ ከብቱ፣ ቀየው ደህና ነው?» ብትለኝ ቀና ብዬ አየኋት። አነጋገሯ የሰማንያ ዓመት ባላገር ነው። እስራኤል አገር ተወልዳ አማርኛን ከእናቷ አፍ ብቻ ነው የሰማችው። እናቷ ደግሞ ከዳባት በታች ካለው መንደራቸው ስትወጣ የነበራትን አማርኛ ሳትለውጥ ነው የኖረችው። የኛ ወጣቶች «ቻርጅ ላድርግ» ሲሉ ሻኬድ ስልኳን ዘርግታ «ይኼን ምስኪን የት ላብላው?» አለችኝ። ገና በመጀመሪያው ቀን ወደድኋት፤ ስለወደድኋትም ፈራሁላት።

ነገሯ ይህ ነበር። እናቷ እናናዬ ባለፈው ዓመት አረፈች። አምስት ልጆቿ ያላቸውን አዋጡና፣ እናታቸው በተወለደችበት አገር ለመታሰቢያዋ አንድ ነገር ሊሠሩ ተስማሙ። ምን እንደሚሠሩ ግን አልተስማሙም። ታላቁ ወንድም አይቸው ስሟ በእብነ በረድ የተቀረጸበት ሕንፃ ይላል። አንዷ ኮምፒውተር ትላለች፣ ሌላው የውኃ ጉድጓድ ይላል፤ አራተኛዋ ገንዘቡን ለድሃ አከፋፍለን እንገላገል ባይ ናት። የመጨረሻዋ ሻኬድ ናት። አይታ፣ ጠይቃ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ሐሳብ ይዛ እንድትመለስ ላኳት። ካልተስማሙ ገንዘቡ ለየባለቤቱ ይመለሳል።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልኋት።

«እኔ ለሚወልዱ ሴቶች ባይ ነኝ» አለች። «እናቴ ስድስት ወልዳ አምስት አሳድጋለች። የመጀመሪያዋ ሞታ እዚህ ቀርታለች። በኛ በቤተ እስራኤሎች ወግ የምትወልድ ሴት ለብቻዋ ጎጆ ትገባለች፣ ዙሪያውን ድንጋይ ይደረደራል። ጎረቤቶቿ ምግቡን እድንጋዩ ድረስ ያመጡላታል። ምጡ ሲጠናባት እነሱ ድንጋዩ ዳር ተቀምጠው ሲያወሩ ትሰማ ነበር። ‹ድምፃቸውን ይዤ ነው ያለፍሁት› ትል ነበር።»

ይህን ስሰማ ልቤ ወደ ልጄ ሄደ። የትናየት አስተማሪ ናት። የምታስተምረው ከመካነ ብርሃን የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቆ ካለ መንደር ነው። ያኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ለጥር መጨረሻ ነው የተባለችው። ቶሎ ወደኔ ውረጂ ብዬ ስለምናት «ተማሪዎቼ ሳይፈተኑ አልመጣም» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ዓይኔን በከደንሁ ቁጥር ቃሬዛ ነው የሚታየኝ።

ስለዚህ ደብተሬን ገለጥሁና ለሻኬድ አንድ ሐሳብ አቀረብሁላት። የትናየት በምታስተምርበት መንደር ያለው ጤና ኬላ የማዋለጃ ክፍል እንዲሠራለት፣ የፀሐይ መብራትም እንዲገባለት። ርቀቱን፣ የሴቶቹን ብዛት፣ የመንገዱን መጥፎነት አንድ በአንድ ጻፍሁ። ገጹ ሞላ። ሁሉም እውነት ነበር። ልጄ እዚያ እንዳለች ግን አልጻፍሁም።

ሻኬድ አንብባ ዓይኗ ረጠበ። «ይኼ ነው» አለች። «ነገ ለአይቸው እደውላለሁ።»

ከሰዓት በኋላ የትናየት ስልክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ወጥታ ደወለችልኝ። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ነገርኋት።

«እማዬ፣ እዚህኮ ቤት አይደለም የጠፋው፣ አዋላጅ ነው» አለችኝ። «ቤቱ ተሠርቶ አዋላጅ ካልተመደበ ፍየል ነው የሚተኛበት። አዋላጅ እንደሚመደብ ማን ነገረሽ?»

«ይመደባል እንጂ!»

«አንቺ ነሽ ‹ይመደባል እንጂ› የምትዪ? ሌላ ሰው ቢልሽ ገጹን ትቀጂበት ነበር።» ቀጥላም «ለመሆኑ ልጅሽ እዚህ እንዳለች ነግረሻታል?» አለች።

«ኔትወርኩ ይቆራረጣል» አልኋት። አልተቆራረጠም።

በማግስቱ ሻኬድ ቁርሷን ሳትጨርስ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ስፈራ ፈጥኜ ነው የምናገረው፤ እንደዚያው አድርጌ ሁሉንም አንድ ጊዜ አፈሰስሁት። ልጄ እዚያ እንደሆነች፣ እንዳረገዘች፣ እኔም ያን ገጽ የጻፍሁት ለእናቷ መታሰቢያ ሳይሆን ለራሴ ጭንቀት እንደሆነ ነገርኋት። ትቆጣለች ብዬ ሻንጣዋን ስታስር ሁሉ ታይቶኝ ነበር።

ሻኬድ ዳቦዋን አስቀመጠች። ፊቷ ጠቆር አለ። «ለአይቸው ደውዬ ቢሆን ኖሮስ?» አለች።

«ለዚህ ነው ሳልዘገይ የነገርሁሽ።»

«እርስዎን አምኜ ነበርኮ።»

«አውቃለሁ። አሁን ሌላ ሰው እመኚ። እኔ ለዚህ ነገር አልሆንም።»

ዳቦዋን መልሳ አነሣችና በዚያ በእናቷ አነጋገር «እርስዎ ለልጅዎ አደሉ፣ እኔ ለእናቴ አድልቼ መጣሁ» አለች። «ሁለታችንም ዳኝነት አይሆንልንም። ለማንም የማያደላ ሰው ይፈለግ። ያ ሰው ምናልባት ሚስቱን ጭኖ እዚህ ድረስ ያመጣ ነው። የት ነው የማገኘው?»

ያን ጊዜ እኔ ሳልሆን እሷ ጠያቂ ሆነች። «ቅዳሜ ገበያ፣ በቅሎ ከሚታሰርበት ጠርዝ» አልኋት።

ከመካነ ብርሃን አካባቢ የሚመጡት የጃናሞራ ሰዎች ቅዳሜ ሲገቡ በቅሎና አህያቸውን የሚያስሩት ከእህል በረንዳው ጀርባ ነው። እኔ ወደዚያ አልጠጋም፤ የበቅሎ ርግጫ እፈራለሁ። ያን ቀን ግን ሻኬድ ክንዴን ይዛ በበቅሎዎቹ መካከል አሳለፈችኝ። ሰባት ስምንት ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ደብተሬን ሲያዩ አንዱ ሳቀ።

«ደግሞ ልትመዘግቡን ነው? አምና የመዘገቡን ሰዎች ስማችንን ይዘው እንደጠፉ ናቸው። ስማችንን መልሱልን!»

«የሚታደል ዘይት ካለ እኔን ሁለት ጊዜ መዝግቢኝ» አለ ሌላው። «አንዴ በኔ፣ አንዴ በበቅሎዬ።»

«ምንም አልያዝንም» አለች ሻኬድ። «ልንጠይቃችሁ ነው የመጣን፣ ጌቶቼ።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አለባበሷንና አነጋገሯን ማስታረቅ አልቻሉም። «ይህች ልጅ የማን ናት? አያቴን ትመስላለች!» አለ ዘይት ፈላጊው፤ ሁሉም ሳቁና ድንጋይ ለቀው አስቀመጡን።

ደባርቅ ውስጥ፣ ከሆስፒታሉ ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ፣ አንድ የበጎ አድራጊዎች ማኅበር ያሠራው የእናቶች ማረፊያ አለ። ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ ይቆዩበታል። «ሚስቶቻችሁን እዚያ ታመጣላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እናመጣለን» አለ አንዱ። «ከዚያ ደግሞ እንመልሳለን።»

ሳቁ። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ቀጭን ሰው ግን አልሳቀም። ውዱ ይባላል። ቤቱ ከመካነ ብርሃንም አልፎ ነው።

«ለምን ትመልሷቸዋላችሁ? አልጋው ይጎረብጣል? ምግቡ ይጎድላል?» አልሁት።

«አልጋው ደግ ነው። ምግቡም ደግ ነው» አለ ውዱ። «ሚስቴን በለጠችን አምና አመጣኋት። አሥር ቀን ትቆይ አሉኝ። እሺ፣ በቅሎዋን ለማን ትቼ?»

«ከግቢ ብታስራት...»

«በሩ ላይ ተጽፏል አሉኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፣ ዘበኛው አነበበልኝ። እንስሳ ማስገባት ክልክል ነው ይላል። በቅሎዋ የአጎቴ ናት፤ ጅብ ቢበላት በምን ፊቴ ቤቱ እገባለሁ? አንድ ሌሊት መንገድ ዳር አብሬያት አደርሁ። ሲነጋ ለበለጠች አንቺ ቆዪ እኔ ልሂድ አልኋት። ‹በቅሎዋን ይዘህ ከሄድህ ማን ይመልሰኛል? አራስ ሆኜ፣ ሕፃን አዝዬ፣ የሁለት ቀን መንገድ በእግሬ ልሂድ?› አለችኝ። እውነቷን ነው። ይዣት ተመለስሁ። መንገድ ላይ ምጥ ያዛት።»

«እሷ ተርፋለች» አለ ውዱ። «ልጁ አልተረፈም። አሁንም ነፍሰ ጡር ናት፤ ለታኅሣሥ።»

ሻኬድ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ደብተሬን ዘጋሁ። ያ ማረፊያ ሲሠራ ማኅበሩ እኔን ነበር ያማከረው። «ምን ሊበላሽ ይችላል?» ብዬ ሃያ ሰባት ነገር ጻፍሁላቸው። እሳት፣ ሌባ፣ እባብ፣ የሚያፈስ ጣሪያ። ዘጠነኛው እንስሳ ነበር። በቅሎ እርጉዝ ሴት ብትረግጥስ? በፋንድያው ዝንብ ተነሥቶ አራስ ቢያሳምምስ? አልሁ። እነሱም እውነትሽን ነው አሉ። ሰሌዳውን ቀለም ገዝቼ የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው። ቤቱ ሲመረቅ ከሁሉ ነገር ያኮራኝ እሱ ሰሌዳ ነበር።

«ያን ጽሑፍ የጻፍሁት እኔ ነኝ» አልሁት ውዱን።

ቀና ብሎ አየኝ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«እንግዲያ ያንሡታ» አለኝ።

ከገበያው በቀጥታ ወደ ማረፊያው ሄድን። አሥራ ሁለት አልጋ አለ፤ የተኙት ሦስት ሴቶች ነበሩ፣ ሦስቱም ደባርቅ አጠገብ ካሉ ቀበሌዎች የመጡ። ከዘበኛው መዶሻ ተውሼ ሰሌዳውን መነቅነቅ ጀመርሁ።

«እትዬ ባንቻየሁ! በማን ፈቃድ ነው?» አለ ዘበኛው።

«በጻፈችው» አልሁት።

ሻኬድ እዚያው ግቢ ውስጥ የድንጋይ ጋጣ ልትሠራ ፈለገች። በአንድ ቀን የእናቷን ቤት ያገኘች ያህል ሮጠች። «ነገ ግንበኛ እንጥራ!» አለች።

«አይሆንም» አልኋት። ርግጫውም ዝንቡም አሁንም ያስፈራኛል፤ ፍርሃቴ ሐሰት አልነበረም፣ የበላይ መሆኑ ነው ስሕተቱ። «ጋጣው ከሴቶቹ ግቢ ይለይ። ከጀርባ ያለው ባዶ ቦታ የአንዲት መበለት ነው፤ በሩ በሌላ በኩል ነው። እሱን ለአንድ ዓመት እንከራይ። ድንጋይ ሳይሆን እንጨትና ቆርቆሮ ይሁን። እኔ አንድ ጊዜ እርግጠኛ ሆኜ ምን እንዳደረግሁ አይተሻል። በትንሹ እንሞክር። ሴቶቹ ከቆዩ እንጨምራለን፤ ካልቆዩ ቆርቆሮውን ሸጠን ሌላ ነገር እናስባለን።»

«አንቺ ስትሄጂ ማን ይጠብቀዋል?» የሚለውም ጥያቄ አልቀረም። ሰኞ ዕለት ውዱንና ሁለት የአገሩን ሰዎች አስጠርተን ተቀመጥን። ሰዎቹ እድር አላቸው። የጋጣውን ዘበኛ የሚቆጣጠረው እድሩ እንዲሆን፣ በመኸር ጊዜ ደግሞ በቅሎ የሚያስር ሁሉ አንድ ሸክም ድርቆሽ ይዞ እንዲመጣ ጠየቅናቸው። የሻኬድ ቤተሰብ የሚችለው የዘበኛውን ደመወዝ፣ ኪራዩንና የክረምቱን ጭድ ነው።

«አንድ ሸክም ለአንድ በቅሎ?» አለ ዘይት ፈላጊው። «የኔዋ ግማሽ ሸክም ነው የምትበላ፤ ጾመኛ ናት።»

«የሆዷን ነገር ሁላችንም እናውቃለን» አለ ውዱ። «ሁለት ሸክም ታመጣለህ።»

ተስማሙ። የቀረው አይቸው ነበር።

ሻኬድ ስልኳን የመቀበያው ጠረጴዛ ላይ አቁማ አራቱን ወንድምና እህቶቿን በአንድ መስኮት ሰበሰበቻቸው። ለኔ ሲሉ በአማርኛ ተነጋገሩ። ሻኬድ ሁሉንም ከነገረቻቸው በኋላ አይቸው መነጽሩን አወለቀ።

«ለእናቴ መታሰቢያ የበቅሎ ጋጣ?» አለ። «ሰው ቢጠይቀኝ ምን ልበል? እናናዬ ጋጣ ሠራች ልበል?»

«በል» አለች ሻኬድ።

«ቀለድሽ!»

«አልቀለድሁም። እማዬ ከቀያችን ስትወጣ አንተን ይዛ በምን ነበር የወጣች? በታክሲ?»

አንዲቱ እህት ሳቀች። አይቸው አልሳቀም። «እዚያ ያሉት ሴትዮ ናቸው ይህን ያሳሰቡሽ? ያነጋግሩኝ» አለ።

ስልኩ ፊት ቀረብሁ። «ወንድሜ፣ እኔ አላሳሰብኋትም። እኔ ያሳሰብኋት ሌላ ነበር፤ እሱም ለልጄ ነበር» አልሁት፤ ያን ነገርሁት። የሰሌዳውንም፣ የውዱንም ነገርሁት። «ይህም ሊበላሽ ይችላል። ዘበኛው ሊሰክር ይችላል። ድርቆሹ ሊሰረቅ ይችላል። መንገዱ ተዘግቶ ማንም ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም ዛሬ አትስጡ። የሦስት ዓመት ቃል ግቡ፣ በየዓመቱ እየጠየቃችሁ ስጡ። የምትጠይቁት አንድ ነገር ይሁን፦ ከመጡት ሴቶች ስንቱ ሳይመለሱ ወለዱ?»

«ስሟስ የት ይጻፋል?»

«አይጻፍ» አልሁት። ሻኬድ ደንግጣ አየችኝ። «ስም ከተጻፈበት ሰዉ የእስራኤሎቹ ነው ይላል። ምሰሶ ሲወድቅ እናንተን ይጠብቃል። የራሱ ከመሰለው ራሱ ያነሣዋል።»

«እኔ ከቀያችን ስንወጣ አምስት ዓመቴ ነበር» አለ አይቸው። «በቅሎዋ ላይ ከፊቷ ነበር የተቀመጥሁ። መንገድ ላይ ስናርፍ መጀመሪያ የምትፈልገው ማሰሪያ ዛፍ ነበር። ከዚያ ነው ውኃ የምትሰጠኝ።» መነጽሩን መልሶ አደረገ። «የአንድ ዓመቱን እልካለሁ። ከዚያ እናያለን።»

ሻኬድ በቀጠሮዋ ሄደች። ቆርቆሮው በኅዳር መጀመሪያ ተመታ። የመጀመሪያዋ በቅሎ ገንዳውን ረግጣ ሰነጠቀችው። ለጋጣው የተቀጠረው ዘበኛ በሦስተኛው ቀን ጠጥቶ ተገኘና እድሩ አባረረው። እኔ ሁሉንም በደብተሬ እየጻፍሁ ለሻኬድ ላክሁ፤ ጥሩውን ብቻ የምልክላት ሰው አይደለሁም። በኅዳር መጨረሻ ግን ከሩቅ የመጡ አምስት ሴቶች አልጋ ላይ ነበሩ።

ውዱ በለጠችን በታኅሣሥ ሦስተኛው ቀን አመጣት። ዝምተኛ፣ ፊቷ የደነደነ ሴት ናት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እቃዋን ሳትፈታ ሁለት ቀን ቆየች። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የምትጠይቀኝ፦ «በቅሎዋ አለች?» አለች እላታለሁ። ውዱ እጋጣው አጠገብ በተሠራችው ጠባብ ክፍል ያድራል፤ ቀን ቀን ከሌሎቹ ባሎች ጋር ፀሐይ ይሞቃል። ሳቃቸው በግድግዳው አልፎ ይሰማል።

በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከመንደራቸው የመጣ ሰው መልእክት አደረሰ። አጎትየው እህሉን ወቅቷል፤ የሚያጓጉዝበት በቅሎውን ይፈልጋል፤ ዛሬውኑ ትምጣ ብሏል። ውዱ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ፊቱን ሳየው የአምናውን ነገር እንደገና የሚኖር መሰለኝ። እኔም አበቃ አልሁ በልቤ። ለሻኬድ የምጽፈውን ሁሉ አሰብሁት።

«በለጡ፣ አጎቴ...» አለ።

«ሰማሁ» አለች። ከዚያ ተነሥታ እቃዋን መፍታት ጀመረች፤ ቀሚሷን አጥፋ አልጋው ራስጌ አስቀመጠች። «በቅሎዋን ይዘህ ሂድ። እኔ የትም አልሄድም።»

«ማን ይመልስሻል?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ የአገራችን ሰው በቅሎ እዚህ ያስራል። አንዱ ይመልሰኛል። እምቢ ቢሉኝ ገመዱን ፈትቼ ነው የምሄድ፤ ደግሞ እነሱ ይከተሉኝ።»

ከግድግዳው ወዲያ የዘይት ፈላጊው ድምፅ «እኔ እመልሳታለሁ! ጾመኛዋ ቀላል ጭነት ትወዳለች!» አለ። ለካ ሁሉንም ይሰማሉ።

ውዱ ወደኔ ዞረ። «እርስዎ አሉ?» አለኝ።

«አለሁ» አልሁት። በዚያች ሰዓት ልትሞት የምትችልባቸው ነገሮች ሁሉ በራሴ ውስጥ ተሰልፈው ነበር። አንዱንም አልነገርሁትም። «ሂድ፤ አጎትህን አታስቀይም።»

ምጡ ማክሰኞ ረፋድ ላይ መጣ። በቀኝ ክንዷ ገባሁ፤ አንዲት ሌላ ነፍሰ ጡር በግራዋ ገባች። እስከ ሆስፒታሉ ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ሦስት ጊዜ ቆመን አረፍን። ባጃጅ መጥቶ ቢገጨንስ፣ ድንጋይ ቢያደናቅፈንስ እያልሁ ሄድሁ፤ ግን ሄድሁ። ባሎቹ ጋጣው በር ላይ ወጥተው «አይዞሽ በለጡ! በርቺ!» እያሉ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ተወለደች፤ ጩኸቷ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ።

ውዱ ያለበት ስልክ አይሠራም። ስለዚህ ወደ መካነ ብርሃን ለሚሄድ ሰው ነገርን፤ እሱ ለሌላው ነገረ፤ ወሬው በየመንገዱ እያረፈ ወጣ። በሦስተኛው ቀን የትናየት ከጉብታዋ ላይ ደወለች።

«እማዬ፣ የውዱ ሚስት ቆይታ ወለደች አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እዚህ ሴቱ ሁሉ እሷን ነው የሚያወራው። ሁለት ነፍሰ ጡሮች ባሎቻቸውን ለቅዳሜ በቅሎ እንዲለምኑ ልከዋቸዋል። እኔም ርእሰ መምህሩን አነጋግሬዋለሁ። ፈተናውን ሌላ አስተማሪ ይፈትንልኛል። ከነሱ ጋር አብሬ እወርዳለሁ።»

መንገዱ፣ ቁልቁለቱ፣ ብርዱ፣ የበቅሎዋ ጠባይ አንድ ላይ ወደ አፌ መጡ። ዋጥኋቸው።

«ስንት በቅሎ ነው የሚመጣው?» አልኋት።

«ሦስት።»

ስልኩን ዘግቼ ድርቆሽ ልገዛ ወጣሁ።